ኡበይድ ጡት ሲጥል

ወንድሜ ኡበይድ ጡት የጣለው ሁለት ጊዜ ነው። ሁለቱንም ጊዜ አጠገቡ ነበርኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ምን እየተደረገ እንደሆነ አልገባኝም።

የመጀመሪያው ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ጀርባ በተከራየናት አንዲት ክፍል ነው። እናቴ ኢንሳፍ የእሬት ቅጠል ሰንጥቃ ቢጫውን ውሃ በጣቷ ጠረገችና ጡቷ ጫፍ ላይ ቀባችው። ኡበይድ እንደ ልማዱ እየዳኸ መጣና ጎረሰ። ወዲያው ፊቱ ተጨማደደ፤ ምላሱን አወጣ፤ ጡቷን በመዳፉ መታና ቀና ብሎ አያት። በእኔ ቤት ከዚህ የሚያስቅ ነገር ታይቶ አይታወቅም፤ ሆዴን ይዤ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ዓይኗ ቀልቷል። እሬቱ ዓይኗ ውስጥ ገብቶባት ነው ብዬ ውሃ አመጣሁላት። እሷም ታጠበች።

ጎረቤቶቻችን ነገሩን አልወደዱትም።

"ኧረ ኢንሳፍ፣ ገና እየዳኸ? ሐቁ እኮ ሁለት ዓመት ነው!" አለቻት በራችን ላይ ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት።

"ሐቁን አላህ ያውቃል። ያለኝንም ጊዜ ያውቃል" አለች እናቴ።

ጊዜ ለካ እንደ ወንፊት ከጎረቤት የሚዋሱት፣ ቶሎ ካልመለሱት የሚያስቆጣ ነገር ኖሯል ብዬ አሰብኩ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

አባታችን ሙዘይን፣ ኡበይድ ገና በሆድ ሳለ ባቲ ወርዶ እዚያው ሌላ አግብቶ ቀርቷል። ይህን የምለው ልከሰው አይደለም። በእኛ አገር ማግባትም መፋታትም ብርቅ አይደለም፤ ብርቅ የሚሆነው ከፍቺ በኋላ ልጆቹን የሚያስታውስ ወንድ ነው። እንግዲህ ቤታችን ውስጥ የነበርነው ሦስት ነን፤ እናቴ፣ እኔና ኡበይድ። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም ነበር።

በዚያው ሰሞን እናቴ ዱዓ አበዛች፤ ለእኔ እንደዚያ ነው የመሰለኝ። ከሰዓት በኋላ ላይ ዐረብ አገር ኖራ የተመለሰች አንዲት ጎረቤታችን ትመጣለች። እናቴ ፊት ለፊቷ ትቀመጥና ሴትዮዋ የምትላትን እየተከተለች ትደግማለች። "ሃድር፣ ያ ማዳም።" "ጂቢ ሞያ።" "ነዝፊ አል-ሐማም።" እኔ ዐረብኛ የማውቀው ከመስጊድና ከመውሊድ ብቻ ስለሆነ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ሁለት እጆቼን ዘርግቼ በእያንዳንዱ መሃል "አሚን" እላለሁ። ሴትዮዋ በሳቅ ትፈርሳለች። እናቴም ሳቋን መያዝ ሲያቅታት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

ዓመታት አልፈው ቃላቱን ለሚያውቅ ሰው ስነግረው የመጀመሪያው "እሺ እመቤቴ"፣ ሁለተኛው "ውሃ አምጪ"፣ የመጨረሻው "መታጠቢያ ቤቱን አጽጂ" ማለት እንደሆነ ነገረኝ። እናቴ ጅዳ ለቤት ሠራተኝነት ልትሄድ እየተማረች ነበር። እኔም ሳላውቅ አሚን ብያለሁ።

ከእሬቱ በኋላ ኡበይድ ቀን ቀን ተወው፤ በእንቅልፍ ልቡ ግን እየፈለገ አስቸገረ። እናቱን እያየ ጡት የሚጥል ልጅ የለም ተባለ። ስለዚህ እንደ አገሩ ልማድ ወደ ዘመድ ቤት ይወሰድ ተባለና የእናቴ ታላቅ እህት፣ እቴቴ ራህማ፣ ከአርዲቦ መጥታ ወሰደችን። እናቴ ባጃጁ ድረስ ሸኘችን። ኡበይድን ለእህቷ ስትሰጥ ወደ እሱ አላየችም፤ ያየችው ወደ እኔ ነው።

"እሱን አደራ። አንቺ ታላቅ ነሽ" አለችኝ። "ጡት ሲጥል ወደ ቤት ትመጣላችሁ።"

እኔም ነገሩን በደንብ ያዝኩት። ኡበይድ ጡት ከጣለ ወደ እናታችን እንመለሳለን፤ ካልጣለ እዚያው እንቀራለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ እሱን ጡት ማስጣል ሆነ።

የአርዲቦ ሐይቅ እንደ ሐይቅ ከተማው ሐይቅ ትልቅ አይደለም። ውሃው ከእቴቴ ራህማ ጓሮ በታች ከሽንኩርቱ መደብ እግር ሥር ይጀምራል፤ ማዶው ተራራ ነው። ባጃጁ መንገዱ ያለቀበት ቦታ አራግፎን ተመለሰ፤ የቀረውን በእግር ሄድን። እቴቴ ራህማ ገና በሩን ሳንገባ ሕጉን ነገረችኝ።

"ስሟን እንዳታነሺ። ጡት የሚጥል ልጅ ፊት የእናት ስም አይነሳም። ሆዱ ይባባል።"

"በቀስታስ?"

"በቀስታም አይነሳም፣ የኔ ልጅ።"

እሺ አልኩ። "እማ" ማለት ሲያምረኝ ከቤቱ ጀርባ፣ ቅንጭቡ አጥር ጋ ሄጄ ለብቻዬ ብዬው እመለሳለሁ። በመጀመሪያ በቀን ብዙ ጊዜ እሄድ ነበር። በኋላ ጠዋት ብቻ ሆነ። ከዚያም መሄዱን ረሳሁት፤ መርሳቴን ራሱ አላወቅሁም።

አሁን ነገሩን ሳስበው ያስቀኛል። ኡበይድ ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ነው፤ የእናቱ ስም ቢነሳ ባይነሳ ምን ይገባዋል? ክልከላው ለእኔ ነበር። እቴቴ ራህማ ሁለት ልጆች ከአንዲት እናት እንድታላቅቅ አደራ ተቀብላለች፤ የምትነግረኝ ግን የአንዱን ብቻ ነው። በዚህ አልቀየማትም፤ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ሌላ መላ አላገኝም ነበር።

ኡበይድ ግን አልበላ አለ። አጥሚቱን ይተፋል። የላም ወተት ሲሰጡት አፉን ይገጥማል። ጉንጩ ጎደለ፤ ማልቀሱንም እየደከመው ተወው። እኔ ዝም ማለቱን እንደ ድል ቆጠርኩት፤ እቴቴ ራህማ ግን ግንባሩን እየዳሰሰች "ያ ረቢ፣ የሰው አደራ፣ የሰው አደራ" ትላለች።

ከቅንጭቡ አጥር ማዶ እትዬ ሰርካለም የምትባል የአምባሰል ሴት ትኖር ነበር። ክርስቲያን ናት፤ አንገቷ ላይ ማተብ አስራለች። እኛ በደረስንበት ሰሞን ሰው ወደ ቤቷ እየገባ፣ ትንሽ ቁጭ ብሎ፣ "እግዜር ያጥናሽ" እያለ ይወጣል። እቴቴ ራህማም ንፍሮ ይዛላት ሄዳ ነበር። እትዬ ሰርካለም ደጃፏ ላይ ትቀመጣለች፤ ደረቷ ላይ ቀሚሷ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ወተት መሆኑን ከእናቴ አውቃለሁ። ወተት አለ፣ እናት አለች፣ ልጅ የለም። ለእኔ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገኝም። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"እትዬ ሰርካለም፣ ያንቺም ልጅ ጡት ሊጥል ዘመድ ቤት ሄደ?"

ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

"አዎን፣ የኔ እናት" አለች።

"ጣለ?"

"ጣለ።"

"ታዲያ መቼ ነው የሚመጣው?"

 ጸጉሬን ነካካችኝና ወደ ውስጥ ገባች። ጡት ከጣለ በኋላ ልጇን ሄዳ የማታመጣ ሰነፍ እናት ብዬ ታዘብኳት። የሞተ ሕፃን እንደነበር፣ ክርስትና እንኳን ሳይነሳ እንደሞተ የነገረኝ ሰው የለም። ሰው ልጅ ፊት እንዲህ ያለውን አያወራም፤ ልጅ ግን ዝም ሲሉት የራሱን ይሞላበታል።

አንድ ቀን ጠዋት ከውሃ ስንመለስ እቴቴ ራህማ ኡበይድን ከጀርባዋ አወረደችና በቀጥታ በአጥሩ ሽንቁር በኩል ወደ እትዬ ሰርካለም ሄደች። ተከተልኳት።  እቴቴ ራህማ ልጁን ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። እትዬ ሰርካለም ቀሚሷን ከፈተች። ኡበይድ መጀመሪያ ምላሱን አስቀድሞ ቀመሰው፤ መራራ አለመሆኑን ሲያውቅ በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘው። ሲውጥ ድምፁ ይሰማ ነበር። ሁለቱም ሴቶች ያለቅሳሉ። እኔ ደግሞ ጮህኩ።

"እቴቴ! ጡት እየሰጠችው ነው እኮ!"

"አያለሁ።"

"ታዲያ እንዴት ወደ ቤት እንሄዳለን?"

እቴቴ ራህማ ሻሿን አስተካከለች፤ ወደ ሐይቁ እያየች "ይጥገብ እስቲ፣ ይጥገብ" አለች።

ሁሉም ነገር ተበላሸ። ያን ያህል የለፋሁበት ልጅ ከአንዱ ጡት ወጥቶ ሌላ ጡት ያዘ። ግን መድኃኒቱን አውቃለሁ። ከመንገዱ ዳር እሬት ቆርጬ፣ እጄን እሾሁ እየጫረኝ፣ እናቴ እንዳደረገችው ለመሰንጠቅ እየታገልኩ እትዬ ሰርካለም ጋ ሄድኩ። ኡበይድ ጭኗ ላይ ተኝቶ ነበር።

"ምንድን ነው የያዝሽው?"

"እሬት። ልቀባሽ ነው።"

"ማን አስተማረሽ?"

"እ..." አልኩና ሕጉ ትዝ ብሎኝ ዋጥኩት። "የሆነች ሰው።"

ቅጠሉን ከእጄ ቀስ ብላ ወሰደችና ከአጥሩ ማዶ ወረወረችው። "ይሄ ልጅ ስንቴ ይምረረው?" አለችኝ። አልተቆጣችም። እጄን በቀሚሷ ጫፍ ጠራረገችልኝ። እኔ ግን ተናድጄ ስለነበር እጄን ነጠቅኋት።

እናቴ አንድ ጊዜ መጣች። በመንገዱ ላይ ጥቁር አባያ የለበሰች ሴት አየሁ፤ አባያው አዲስ ከመሆኑ የተነሳ የታጠፈበት መስመር ገና አልጠፋም። በአረማመዷ ለየኋት። ሮጬ ልጠመጠምባት ስል ሥራዬ ትዝ አለኝ።

"እማ፣ ዝቅ በዪ! እንዳያይሽ!"

እናቴ ምንም ሳትከራከር ቅንጭቡ ሥር ቁጢጥ አለች። በሽንቁሩ በኩል የእትዬ ሰርካለም ደጅ ይታያል። ኡበይድ ጡት ይዞ ነበር፤ አንድ እጁ ማተቧን ይጎትታል። እናቴ ስታየው እጇን ደረቷ ላይ አደረገችና አጥብቃ ያዘች። ልትቆጣ ነው ብዬ ፈራሁ።

"አትናደጂ፣ እማ። እኔ ነግሬያቸው ነበር። እሬትም አምጥቼ ነበር።"

"ዝም በዪ፣ ልጄ። አልተናደድኩም።"

እስኪተኛ ድረስ አየችው። ከተኛ በኋላ ተነስታ ወደ እቴቴ ራህማ ግቢ ገባች። እቴቴ ራህማ ከቤት ወጥታ አንገቷን ደፍታ ቆመች። "ምን ላድርግ ኢንሳፍ፣ ሊሞትብኝ ነበር። ሳልነግርሽ..." ብላ ሳትጨርስ እናቴ "አብሽሪ፣ እህቴ" ብላት በአጥሩ ሽንቁር አለፈችና እትዬ ሰርካለም ፊት ተንበረከከች። ጉልበቷን ሳመቻት።

"ተነሺ፣ በሞቴ! ምን ማድረግሽ ነው?" አለች እትዬ ሰርካለም።

"ደጋግመሽ አጥብተሽዋል?"

"በየቀኑ።"

"እንግዲያውስ በአላህ ፊት ልጅሽ ነው። በእኛ ሃይማኖት ያጠባች እናት ናት።"

"በእኛም ያው ነው። የጡት ልጅ ልጅ ነው።" ከዚያ ልጁን ወደ እናቴ ከፍ አደረገችው። "እንቅልፍ ይዞታል፤ ያዢው እስቲ።"

እናቴ እጇን ዘረጋች፤ ግን መልሳ ሰበሰበችው። "ጠረኔን ይለየዋል። ደህና ለምዶሻል" አለች። እኔ በልቤ አጨበጨብኩላት። እናቴም እንደ እኔ ሥራዋን የምታውቅ ሰው መሆኗ አስደሰተኝ።

ከዚያ እኔን ጭኗ ሥር አስቀመጠችኝና ሹሩባዬን ፈትታ እንደ አዲስ ሠራችኝ። በጣም ቀስ እያለች ነበር የምትሠራው። ከጨረሰች በኋላ አንዱን ወገን አልወደድኩትም ብላ እንደገና ፈታችው። እኔ ሰልችቶኝ የጎረቤት ልጆች ጋ ልሄድ እቁነጠነጣለሁ። "ደሴ ሄጄ እመለሳለሁ" ብላ ሄደች። መንገዱ እስኪሰውራት ድረስ ቆሜ አልሸኘኋትም፤ ልጆቹ አሳ ይዘው እየመጡ ስለነበር እሱን ለማየት ሮጥኩ።

ኡበይድ ለሁለተኛ ጊዜ ጡት የጣለው ያለ እሬት ነው። እትዬ ሰርካለም ምንም አልቀባችም፤ የትም አልላከችውም። ዳቦ በወተት እየነከረች እጁ ላይ ታኖርለታለች። ሽንኩርት ስትኮተኩት አጠገቧ አፈር ላይ ታስቀምጠዋለች። ቆሞ መሄድ ሲጀምር ደግሞ ዓለም ሰፋችበት። አንድ ቀን መጥቶ ጡቷን ያዘ፣ ነካ ነካ አደረገው፣ ከዚያ ለቀቀውና ዶሮ ሊያባርር ሄደ። በማግስቱም አልጠየቀም። ከዚያም በኋላ አልጠየቀም። እትዬ ሰርካለም የቀሚሷን ቁልፍ ቆልፋ ለብዙ ጊዜ እዚያው ተቀምጣ ቀረች።

እኔ ግን በደስታ መሬት አልበቃኝም። ልብሳችንን በአሮጌ ነጠላ ቋጠርኩ። የኡበይድን ፊት አጠብኩት፤ አልፈልግም እያለ ቢያለቅስም ጫማ አደረግሁለት። ባጃጅ የሚዞርበት ቦታ ድረስ ይዤው ወረድኩና ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። እቴቴ ራህማ ስትፈልገን መጣች።

"ምን ሆናችሁ እዚህ?"

"ጥሏል እኮ። እንሂድ።"

ቋጠሮውን አየችው። አጠገባችን ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ኡበይድ ጭኗ ላይ ወጣ። ጫማውን አስተካከለችለትና "ነዪ፣ ዛሬ ትደውላለች፤ ለራሷ ንገሪያት" አለችኝ።

የእቴቴ ራህማ ባል፣ ጋሽ ማህዲ፣ ስልክ ነበረው፤ ኔትወርክ የሚገኘው ግን ከቤቱ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ብቻ ነው። እናቴ አልፎ አልፎ ትደውልና ከእህቷ ጋር ብቻ ታወራ ነበር። ያን ቀን ስትደውል ስልኩ ለእኔ ተሰጠኝ።

"እማ! ኡበይድ ጡት ጣለ!"

"ጣለ? ማሻአላህ፣ ማሻአላህ።" ድምፅዋ ሩቅ ነው። ከኋላዋ የሌላ ሰው ልጅ ያለቅሳል።

"አዎ! ልብስም አስሬያለሁ!"

 የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት።

"አንቺስ ሒክማዬ?" አለችኝ። "አንቺስ ለመድሽ?"

ጥያቄው ቀላል ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ የሕይወትን ሕግ በሚገባ አውቄዋለሁ፤ የተባልሽውን ከጨረስሽ ወደ ቤት ትሄጃለሽ። ኡበይድ የሱን ጨርሷል። የቀረሁት እኔ ነኝ ማለት ነው።

"አዎ እማ፣ ለመድኩ" አልኳት። ጥቂት እንዳይመስላት ብዬም ጨመርኩበት። "በጣም ለመድኩ!"

"አልሐምዱሊላህ" አለች። መስመሩ ተቋረጠ። ጋሽ ማህዲ "ካርድ አልቆባት ነው" አለ። ወርደን ቋጠሮውን ይዤ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። እስኪመሽ ድረስ የነካብኝ ሰው የለም።

እናቴ የተመለሰችው እኔ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ነው። ኡበይድ እንደ እንግዳ በሁለት እጁ ጨበጣት፤ በስሟ ጠራት። ዛሬ ሐይቅ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል፤ በገና በዓል ሥራ ትቶ አርዲቦ እትዬ ሰርካለም ጋ ይውላል። እናቴ ዋናው መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ አላት። እኔ ደሴ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። እኔና እናቴ እንከባበራለን፤ ከሚገባው በላይ እንከባበራለን። ወደ ቤቷ ስሄድ ስኳር ይዤ እሄዳለሁ፤ ስወጣ ደግሞ "እንኳን መጣሽ" ብላ ታመሰግነኛለች።

አምና በማስተምረው ምንባብ ውስጥ "ዊን" የሚል ግስ ገጠመኝ። ልጅን ጡት ማስጣል ማለት ነው፤ ሰውን ከሚወደው ነገር ቀስ በቀስ ማላቀቅም ይባልበታል። ተማሪዎቹ ሲሳሳቁ ጊዜ፣ ምንጩን ላሳያቸውና ጸጥ ይበሉ ብዬ መዝገበ ቃላት አየሁ። ጥንት በእንግሊዞቹ ቋንቋ የቃሉ ፍቺ ማላቀቅ አልነበረም፤ ማስለመድ ነበር። ልጅን ሌላ ምግብ ማስለመድ። እያደር የሚለመደው ነገር ተረሳና የሚተወው ብቻ በቃሉ ውስጥ ቀረ። ለተማሪዎቹ ነገርኳቸው፤ ጻፉት፤ ደወል ተደወለ።

ቅዳሜ ሐይቅ ሄጄ እናቴ ሱቅ ውስጥ ሻይ ስንጠጣ ወሬ አለቀብን። ወሬ ሲያልቅብን የክፍል ነገር እነግራታለሁ። እናም ስለዚህ ግስ ነገርኳት። ብርጭቆዋን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

"እንግሊዞቹ እውነታቸውን ነው" አለች። ከዚያ ተጠይቃ የማታውቀውን ነገረችኝ። "ጡት ጣለ ብለሽ በስልክ የነገርሽኝ ቀን አሠሪዬን፣ ማዳሟን፣ ለምኛት ነበር። ኮንትራቴ ሳያልቅ ልትሸኘኝ እሺ ብላኛለች። አንድ ነገር ልስማ ብዬ ነው የደወልኩት። አልለመድኩም ካልሽኝ ልመጣ፣ ወላሂ ልመጣ። በጣም ለመድኩ አልሽኝ።"

"እና?"

"እና ምን? የለመደ ልጅ ላይ መጥቼ ላፈርሰው? ቀረሁ። ከዚያም ሌላ ኮንትራት፣ ከዚያም ሌላ።"

ያን ጊዜ ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ነገርኳት። የለመደ ወደ ቤቱ የሚሄድ መስሎኝ ነው አልኳት።  አንድ ሰው ሳሙና ሊገዛ መጣ። ሳሙናውን ሰጠችው፣ መልሱን ሰጠችው፣ ሸኘችው።

"እስቲ አሁን በዪኝ" አለች።

"ምን ልበል?"

"አልለመድኩም በዪኝ።"

ደመወዝ የማገኝ፣ ቤት የተከራየሁ ሴት ነኝ። ያለ እናት ማደግ የሚገድል ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ይኸው አልሞትኩም። እናትን ለማስደሰት አንድ ቃል ምን ይከብዳል ብዬ ጀመርኩ።

"አልለመ..." አልኩና ብርጭቆዬን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። እናቴ ባንኮኒውን ዞራ መጣች። "አልለመድኩም፣ እማ" አልኳት ትከሻዋ ላይ ሆኜ፤ ውሸት አልነበረም።